ሐይቁ ሐረማያ፣ ቤቱ ሐረር፣ አትክልቱ አወዳይ

የድሬ ዳዋ ሰው ለእንግዳ «የለም» ማለት አይሆንለትም። እርስ በርሳችን ስንሆን ውሃ የለም፣ መብራት የለም፣ ዝርዝር የለም እየተባባልን ነው የምንውለው። እንግዳ ሲመጣ ግን አገሩ በአንድ ሌሊት ይሞላል። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው «ባሕር አላችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ እንኳ መልሱ «አቦ፣ ነገ እንወስድሃለን!» ነው። ጅቡቲ ለምን ተሠራች?

የባለቤቴ እህት ልጅ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋ በሰነበተችበት ሰሞንም የሆነው ይኸው ነው። ልጅቷ ስልኳን ከፍታ አንድ ቪዲዮ ታሳየናለች። ፈረንጅ አገር፣ ሐይቅ ዳር፣ የድሮ መኳንንት ቤት። ሣሩ በመቀስ የተከረከመ፣ አበባው በየቀለሙ የተሰለፈ፣ ሐይቁ ላይ ዝይ የሚንሳፈፍበት። ሰዎች ትኬት ቆርጠው ይገባሉ፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ዝግ ብለው ይራመዳሉ፤ አበባው ሥር ጎንበስ ብለው ስሙን ያነባሉ። እማማ፣ አማቴ ናት፣ ትንሽ ዝም ብላ አየችና «ምነው እንዲህ ቀስ አሉ? ታመዋል እንዴ?» አለች።

«እናንተ ጋ መቼም እንዲህ ያለ ቦታ የለም አይደል?» አለች እንግዳችን። ጋሼ ከተደገፈበት ትራስ ቀና አለ።

ጋሼ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ነው። ሥራው ምድር ባቡር ነበር፤ የድሮው ባቡር ከቆመ በኋላ ሥራው ማስረዳት ሆኗል። («አለ»፣ «አለች» እያልኩ የማወራው ክብር ጠፍቶብኝ አይደለም። እኛ አገር ታላቅን ሰው አንቱ ካልነው «ምነው፣ ተጣላን እንዴ?» ብሎ ይደነግጣል።)

«የለም? ማን ነው የለም ያለሽ? ሐይቅ አለ። ታሪካዊ ቤት አለ። አትክልት አለ» አለ ጋሼ።

«አንድ ላይ?»

«መንገዱ አንድ ነው።»

ይህ ደግሞ ውሸት አይደለም። ከድሬ ዳዋ ተነስቶ ደንገጎን የወጣ ሰው አዴሌን አልፎ ሐረማያ ሐይቅ ዳር ይደርሳል፤ ከሐይቁ ወደ አወዳይ፣ ከአወዳይ ወደ ሐረር። ፈረንጆቹ በአንድ ግቢ ያጨቁትን እኛ በሃምሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ዘርግተነዋል። አገር ሰፊ ነው፤ ምን አጨናነቀን?

እውነቱን እናውራ ካልን የአገር ሰው አገሩን አይጎበኝም፤ ያስጎበኛል። የድሬ ሰው ሐረር የሚሄደው ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ ወይም ለጉዳይ ነው። ጀጎል በ1998 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ከበሮ ከመቱት መሃል ስንቱ ነው ሙዚየሙ ውስጥ እግሩን ያስገባው? ቤቱ የት ይሄዳል፤ ነገም አለ። መቶ ዓመት የቆየ ቤት እኛን አይቶ አይፈርስ። እንግዳ ሲመጣ ግን ታሪክ ይቀሰቀሳል፤ ያላየነውን ቤት እንደተወለድንበት አድርገን እንተርካለን፤ እንግዳው ፊት ለፊት እየሄደ፣ እኛ ከኋላው እየተከተልን «አየህ አይደል!» እንላለን። ያየነው ግን ገና ከእሱ ጋር ነው።

ሚኒባስ ተከራየን። ለእንግዳዋና ለጋሼ ታስቦ ነበር፤ ጠዋት በር ላይ ሲታይ ግን ቤተሰቡ በሙሉ፣ የጎረቤት ልጆችና «ሐረር ሆስፒታል የምጠይቀው ሰው አለኝ፤ እግረ መንገዴን» ያሉ አንዲት የዕድር አባል ተደርድረዋል። ጋቢና ማን ይቀመጥ በሚለው ላይ የተደረገው ክርክር ይቅር። ጋሼ ጋቢና፤ እማማ በሩ ጋ፣ እግሯን ስለሚያማት፤ እኔ የመኪናውን ኪራይ የከፈልኩት ሰውዬ የመጨረሻው ወንበር ላይ፣ ጉልበቴ አገጬ ሥር።

እማማ ጋቢ ይዛለች፣ ሹራብ ይዛለች፣ ለልጆቹ የሱፍ ኮፍያ ይዛለች። የድሬ ሰው ወደ ሐረር ሲወጣ አለባበሱን ላየ ሰው ራስ ዳሸን የሚዘምት ነው የሚመስለው። ከ1,200 ሜትር ገደማ ተነስተን ሐረማያ ስንደርስ 2,000 ሜትር ገደማ እንወጣለን፤ ለደገኛ ይህ ነፋሻ አየር ነው፣ ለእኛ ግን ሕመም ነው። ሾፌሩ ገና ደንገጎ ጠመዝማዛው አጋማሽ ላይ መስኮቱን ዘጋና «አቦ ጋሼ፣ አንተ ጃኬትህን አልለበስክም እንዴ? ትሞታለህ ወላሂ!» አለው። ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ሽማግሌውን አንተ ብሎ ትሞታለህ ሲለው እንግዳችን አፏን ያዘች። ጋሼ ግን ምርቃት እንደተቀበለ ሰው «ይባርክህ» ብሎ ጃኬቱን ለበሰ።

ደንገጎ ላይ የመጀመሪያው ትምህርት ተሰጠ። «ይህን ተራራ ታያለሽ? ባቡሩ ያኔ ሐረር ነበር የሚሄደው። ተራራውን ሲያይ እዚያው ሜዳው ላይ ቀረ። በ1895 ሐዲዱ ድሬ ደረሰና ከተማ ሆነ፤ መጀመሪያ ስሙ አዲስ ሐረር ነበር።» ነገሩ እውነት ነው። ድሬ ዳዋ ባቡሩ ዳገት በመፍራቱ የተወለደች ከተማ ናት። ጋሼ ይህን የሚያወራው ግን ባቡሩ ዳገቱን በራሱ ፈቃድ፣ ለድሬ ሲል የተወው አስመስሎ ነው።

ሐይቁ ደረስን።

የድሮው ሰው አለማያ የሚለውን ይህን ሐይቅ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል፤ ምክንያቱም ሐይቁ አንዴ ሞቶ የተነሳ ነው። በጋሼ ጉርምስና ጊዜ ሐረር ይህን ውሃ ትጠጣ ነበር፤ ሰው ጀልባ ይሳፈርበት፣ ሙሽራ ፎቶ ይነሳበት ነበር። ከዚያ እያነሰ፣ እየሸሸ ሄደና በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ ሙልጭ ብሎ ደረቀ። ውሃው የነበረበት ላይ ከብት ጋጠ፤ ሰው አረሰ፤ የቀረችውን ጠብታ ለማግኘት ጉድጓድ ተቆፈረ። ሐረር ውሃ ጠምቷት ቧንቧዋን ቁልቁል ወደ ድሬ ዳዋ ቆላ ዘረጋች። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ዝናቡም ረድቶ፣ የተፋሰሱ ሥራም ረድቶ ውሃው ተመልሷል። የሚያስቅም የሚያሳዝንም የሆነው ጎረቤቱ ነው፦ ሐይቁ አጠገብ በ1940ዎቹ ከኦክላሆማ በመጡ አሜሪካውያን አጋዥነት የግብርና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ አለ። ሐይቁ ለምን እንደደረቀ የተጻፈው ወረቀት ቢደራረብ ከሐይቁ ጥልቀት ሳይበልጥ አይቀርም። ተማሪው ሐይቁ ዳር ተቀምጦ ስለ ሐይቁ መድረቅ ጻፈ፣ ተመረቀ፣ ሄደ። ሐይቁም ሄደ።

እኛ ሐይቁን የጎበኘነው በጀርባችን ነው። ከመኪና ወርደን፣ ውሃውን ወደ ኋላ ትተን፣ ወደ ስልኩ ዞረን ተደረደርን። ያ ሁሉ ሰው በየተራ ፎቶ እስኪነሳ ድረስ ሐይቁን በዓይኑ ያየው ፎቶ አንሺው ብቻ ነበር፤ እሱም በስልክ ነው። እንግዳችን በጭቃው ጠርዝ ተንበርክካ፣ ስልኩን ዝቅ አድርጋ፣ ማዶ ያሉትን የቆርቆሮ ቤቶች አስወጥታ፣ ሐይቁን ጣና የሚያህል አድርጋ አነሳችው። አንድ እረኛ ልጅ ከብቶቹን ውሃ እያጠጣ ቆሞ እኛን ጎበኘን።

ጋሼ ግን አዘነ። እውነቴን ነው፤ ዓይኑ ቀላ። «ይህን ሐይቅ እኮ ማን አጠፋው?» አለ። ከዚያም ራሱ መለሰ። የቀድሞው መንግሥት ነው አለ፤ ከእሱ በፊት የነበረውም ነው አለ፤ ኮረብታው ተራቁቶ አፈር ገብቶበት ነው አለ፤ የከተማው ሰው በዛ አለ፤ ፀሐይዋም ድሮ እንዲህ አልነበረችም አለ። ሾፌሩ ጎማውን በእግሩ እየነካካ፣ «አቦ ጋሼ፣ ሞተሩን ረሳኸው እንዴ? ገበሬው እኮ የውሃ ሞተሩን ዙሪያውን ተክሎ ነው ለጫቱ የሳበው። ሌት ተቀን!» አለ።

«ለድንችም ነው» አለ ጋሼ በቁጣ።

ለድንችም መሆኑ ትክክል ነው። ለቀይ ሥርም፣ ለጥቅል ጎመንም ነው። ትንሹ ልጄ ግን ነገሩ አልተዋጠለትም። «ጋሼ» አለው፣ «ውሃውን ጫት ከጠጣው፣ ጫቱን ማን በላው?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ በአደባባይ አይጠየቅም። የዕድሯ ሴት ወዲያ ዞሩ። ጋሼ ልጁን ትክ ብሎ አየውና «ይህን ልጅ ትምህርት ቤት ቀይሩለት» አለኝ።

መኪናው ውስጥ ገብተን ብዙም ሳንርቅ አወዳይ ደረስን። ጋሼ ለሾፌሩ ምንም አልነገረውም፤ ሾፌሩም አልጠየቀም፤ መኪናው በራሱ ቆመ። «ለአምስት ደቂቃ» ተባለ። አወዳይን ያላየ ሰው አረንጓዴ ቀለም አየሁ አይበል። ጫቱ በዙርባ ታስሮ፣ በኮባና በፌስታል ተጠቅልሎ፣ በጭንቅላት ላይ፣ በጋሪ፣ በአይሱዙ ይተላለፋል፤ ከዚህ ተነስቶ ፀሐይ ሳትገባ ጅቡቲና ሶማሌ ይደርሳል። ሰዓት አክብሮ የሚሄድ ነገር አገራችን ውስጥ ካለ እሱ የጫት መኪና ነው። አምቡላንስ የሚያሳልፍለት ያጣ መንገድ ለጫት ይከፈታል።

«ጋሼ፣ የአትክልት ቦታውስ?» አለች እንግዳችን።

ጋሼ እጁን ዘርግቶ ከአድማስ እስከ አድማስ አሳያት። «ይኸው! ከዚህ በላይ ምን አትክልት ትፈልጊያለሽ?»

ከሐይቁ ዳር ቀልቶ የነበረው ዓይን አሁን እያንዳንዱን ዙርባ እያገላበጠ ቀንበጡን ይመረምራል። ሐዘን የወጣለት ሰው ነው የሚመስለው። ሟቹን ቀብሮ፣ እዝን ቀምሶ፣ ንብረቱን ለመካፈል የተቀመጠ። ነጋዴዋ «ይህ የሐረማያ ነው፣ ውሃ የጠገበ!» አለችው። ገዛ።

እማማም ከጋሼ አላነሰችም። የሴቶቻችን ጉብኝት ምንጊዜም በሽንኩርት ነው የሚያልቀው። ድንች በኩንታል፣ ቀይ ሥር፣ ካሮት፣ ጥቅል ጎመን፤ «ድሬ ላይ እጥፍ ነው!» የሚለው ዓረፍተ ነገር በመስኮት ገብቶ በበር ይወጣል። የመጨረሻው ወንበር ላይ የነበረው ጉልበቴ አሁን አልታየኝም። ወደ ታሪካዊው ቤት የገባሁት ጎመን ታቅፌ ነው።

ሐረር ስንደርስ መጀመሪያ ምሳ። እንግዳችን «ቤቱን አይተን ብንበላስ?» ብላ ነበር፤ እማማ «ቤቱ አይበርድም፣ ምሳው ይበርዳል» ብላ ዘጋችው። በምሳው ላይ የማወራው የለኝም። ሒሳቡን «እኔ ነኝ የምከፍል!» «በሞቴ!» እየተባባሉ አስተናጋጁን ሁለት ሰዎች በሁለት እጁ ጎተቱት፤ መጨረሻ ላይ ያልጎተተው ከፈለ። እኔ ነኝ።

ከዚያ በፈረስ መጋላ አድርገን፣ የልብስ ሰፊዎቹ መኪና በሚጮህበት በመኪና ግርግር ወርደን የራምቦ ቤት ገባን። ትንሹ ልጄ ራምቦ ሲባል የመሰለው ደረቱን ገልጦ፣ ግንባሩ ላይ ጨርቅ ያሰረው ጡንቸኛ ነው። «ጠመንጃው የታለ?» አለ ገና በሩ ላይ። አስጎብኚው ወጣት ሳቀ፤ ይህን ጥያቄ የለመደው ይመስላል። «ይህኛው ራምቦ ባለቅኔ ነው» አለው። ልጁ ፊቱ ላይ የታየውን ቅሬታ ባለቅኔዎች እንኳን አላዩት።

ቤቱ ያምራል። ከእንጨት የተሠራ ፎቅ፣ ባለቀለም መስታወት መስኮት፣ ጣሪያው ላይ የተሳለ ሥዕል፤ ከላይ ሲወጡ የጀጎል ጣሪያዎችና ሚናሬቶች ይታያሉ። ግድግዳው ላይ የድሮዋ ሐረር ፎቶዎች አሉ፤ ራምቦ ራሱ ካሜራ አስመጥቶ ያነሳቸውም አሉበት። አርቱር ራምቦ ፈረንሳይ አገር በልጅነቱ ዓለምን ያስደነቀ ቅኔ ጽፎ፣ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ብዕሩን ጣለና በ1873 ዓ.ም የኤደን ነጋዴዎች ተቀጣሪ ሆኖ ሐረር ገባ። ቡና ገዛ፣ ቆዳ ሸጠ፣ ስለ ኑሮው ለእናቱ ደብዳቤ እየጻፈ አማረረ። ቅኔ ግን አልጻፈም። እዚህ ድረስ ጋሼ በጥሞና ሰማ። አስጎብኚው ቀጥሎ፣ አሁን የቆምንበትን ቤት ያሠራው አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ መሆኑን፣ የተሠራውም ራምቦ ከሞተ በኋላ መሆኑን ሲናገር እንግዳችን ስልኳን አወረደች።

«እዚህ አልኖረም ማለት ነው?»

አስጎብኚው መልስ ከማግኘቱ በፊት ጋሼ ገባበት። «ኖረ አልኖረ ምን ያገባናል? ካርታው በስሙ ነው። በኖረበት ቤት ዕድሜ ልኩን ካርታ ያጣ ስንት ሰው አለ!»

ከዚህ በኋላ ክርክር አልነበረም።

እኔን ያስደሰተኝ የጠመንጃው ወሬ ነው፤ ልጄም እዚህ ላይ ከቅሬታው ተጽናና። ራምቦ ጠመንጃ ነበረው፤ ያውም በግመል የተጫነ። ከታጁራ ተነስቶ በረሃውን አቋርጦ በ1879 ዓ.ም ሸዋ ወረደ፤ ሊሸጥ ነው፣ ለንጉሥ ምኒልክ። ምኒልክ በዚያው ዓመት ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው ሐረርን ይዘው መመለሳቸው ነበር። ጠመንጃውን ተረከቡ። ዋጋውን ቀነሱ። ከተቀነሰው ላይ ደግሞ የራምቦ ሸሪክ የነበረው ሟች ነጋዴ ዕዳ አለበት ብለው አነሱ። ለተረፈው «ሐረር ሄደህ ከመኮንን ተቀበል» የሚል ወረቀት ሰጡት። መኮንን ያኔ ገና ራስ አልተባሉም፤ የሐረር ገዥ ሆነው የተሾሙት በዚያው ሰሞን ነው። ሰውየው ያን በረሃ አቋርጦ የመጣው «እሱ ጋ ሂድና ተቀበል» ለመባል ነው።

«አቦ ይሄማ የእኛ ሰፈር ሒሳብ ነው!» አለ ሾፌራችን፤ ፊቱ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለባለቅኔው ርኅራኄ ታየ። ለኪራዩ ቀሪ ክፍያ ጋሼ «ከእሱ ተቀበል» ብሎ ወደ እኔ የላከው ጠዋት ነበር።

ራምቦ እግሩን ታሞ ከሐረር በቃሬዛ ወጣ፤ ማርሴይ ደርሶ እግሩ ተቆረጠ፤ በ1884 ዓ.ም ኅዳር ላይ በሠላሳ ሰባት ዓመቱ ሞተ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 16 ቀን ከሐረር ብዙም በማይርቀው በኤጀርሳ ጎሮ የመኮንን ልጅ ተፈሪ ተወለደ። አስጎብኚው ይህን አላለም፤ እኔ ነኝ ጣቴን ቆጥሬ ያገናኘሁት። ለጋሼ መንገሬ ነው ችግር ያመጣው። ሐረር ሳንወጣ ሦስት ሰው «ጃንሆይ እኮ የራምቦ ነፍስ ናቸው» ሲል ሰምቻለሁ፤ አንዷ የዕድሯ ሴት ነበሩ፣ ሆስፒታሉን ትተው አብረውን እየጎበኙ።

በመሃል አንድ የሐረሪ ባህላዊ ቤትም ገባን። ጫማችንን አውልቀን ሳሎኑ ውስጥ ስንቀመጥ፣ የቤቱ እመቤት መደቦቹን፣ ነደባ ይሉታል፣ አንድ በአንድ አሳየችን፤ ከፍታቸው ይለያያል፣ የቤቱ ባለቤት የሚቀመጥበት አለ፣ የተማረ ሰው የሚቀመጥበት አለ፣ ሴቶች የሚቀመጡበት አለ፣ እንግዳ ከበሩ ሲገባ የት እንደሚቀመጥ ቤቱ ራሱ ይነግረዋል። እማማ ዙሪያዋን አይታ «እንደ ሚኒባሳችን ነው» አለች። ጋሼ ሳይጠየቅ ከፍ ያለው ነደባ ላይ ወጥቶ ነበር። እኔ በሩ ጋ፣ ጫማዎቹ አጠገብ ቦታዬን ያዝኩ።

የመጨረሻው የተፈሪ መኮንን ቤት ነው። ይህም ሕንዳዊ እጅ ያለበት፣ ባለእንጨት ቅርጽ፣ ባለሰገነት ፎቅ ነው። ተፈሪ በ1903 ዓ.ም መነንን ካገቡ በኋላ ጫጉላቸውን እዚህ አሳልፈዋል ይባላል። ዛሬ ሙዚየም ነው። አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ የሚባሉ የሐረር ሰው በየቤቱ፣ በየሳጥኑ ሥር የነበረውን ለዓመታት ሰብስበው፣ ከራሳቸው ቤት ጀምረው ያቋቋሙት ነው፤ በእጅ የተጻፉ ቁርዓኖችና ኪታቦች፣ ጎራዴዎች፣ የብር ጌጦች፣ የአሮጊቶች ዘፈን የተቀዳባቸው ካሴቶች፣ ሐረር ራሷ ስትመታቸው የነበሩ ሳንቲሞች። እማማ ሳንቲሞቹ ፊት ቆማ «ለካ ዝርዝር የነበረበትም ዘመን ነበር» አለች።

ይህ ቤት ውሎ የሚያስውል ቤት ነው። እኛ ግን ፎቶው በር ላይ ስለሚያምር በር ላይ ቆየን። ውስጡን ሻይ እስኪፈላ በማይሞላ ጊዜ አዳረስነው፤ አንድ ሰው ዕድሜውን የሰበሰበውን እኛ እየተራመድን «እሺ፣ እሺ» እያልን አለፍነው። ያለፍንበትም ምክንያት ሰዓቱ ነው። ስምንት ሰዓት እየተቃረበ ነበር፤ የጋሼ መንጋጋ መንቀሳቀስ ጀምሯል፤ ሾፌሩ ማዛጋት ጀምሯል። ሐራራ የሚባለው የጫት አምሮት ታሪክ አያውቅም፣ ጃንሆይን አያውቅም፣ ጫጉላ አያውቅም። ምሥራቅ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚሠራ አስጎብኚ ይህን ልብ ቢል መልካም ነው፤ ከስምንት ሰዓት በፊት የሚነገር ታሪክ ይሰማል፣ ከስምንት በኋላ ያለው ለግድግዳ ነው።

ቢሆንም ጋሼ ሳይናገር አልወጣም። የራስ መኮንን ፎቶ ፊት ቆሞ «አያቴ የእኚህን ሰውዬ ፈረስ ይይዙ ነበር» አለ። አስጎብኚዋ በትሕትና ራሷን ነቀነቀች፤ ይህንንም የለመደችው ይመስለኛል። የራስ መኮንንን ፈረስ ያልያዘ አያት ያለው ሰው በሐረርና በድሬ ዳዋ ፈልጌ አላገኘሁም። ያን ሁሉ ልጓም የቻለ ፈረስ ምን ያህል አንገት ነበረው?

መውጫው ላይ የአስተያየት መዝገብ ነበር። እንግዳችን ረዥም ነገር ጻፈች። ጋሼ ብዕሩን ተቀብሎ «በጣም ጥሩ ነው፤ በዚሁ ቢቀጥል» ብሎ ፈረመበት፤ ሥራ ቦታ ግምገማ ላይ ሲጽፈው የኖረው ነው። እኔ ከእኔ በፊት የጻፉትን አነበብኩ። የሩቅ አገር ሰዎች ስለ ኪታቦቹ አጠራረዝ፣ ስለ ሳንቲሞቹ፣ ስለ ዘፈኖቹ ጽፈዋል። የቅርቦቹ፣ የእኛው ሰዎች፣ በአብዛኛው ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ምልክት ቢደረግ ብለዋል።

ወደ ድሬ ስንወርድ ሙቀቱ ደንገጎ ታች ተቀበለን፤ እማማ ሹራቧን አውልቃ «ተመስገን፣ አገራችን ገባን» አለች። ቤት ደረስን፤ ፍራሽ ተነጠፈ፤ ዕጣን ጨሰ፤ ቡና ቀረበ፤ የሐረማያው ዙርባ ተፈታ። እንግዳችን ጥግ ላይ ሆና ፎቶዎቹን ለቀቀቻቸው። ሐይቁ ጣና ሆኖ፣ የራምቦ ቤት ሐይቁ ዳር የቆመ መስሎ፣ የአወዳይ አረንጓዴ በመሃል ገብቶ ተሰልፏል። አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቿ «ዋው! ይህ የት አገር ነው?» ማለት ጀመሩ። ጋሼ የልጅቷን ስልክ ተቀብሎ አየና «አላልኩሽም? አንድ ላይ ነው» አለ።

ምርቃናው ከፍ ሲል ጋሼ ወደ ሐይቁ ተመለሰ። «ይህ ሐይቅ ደግሞ እንዳይሄድብን!» አለ። ሁላችንም ተነካን። ኮሚቴ መቋቋም አለበት ተባለ። ስሙ ላይ ብዙ ተከራከርን፤ «ወዳጆች» ይባል፣ «ተቆርቋሪዎች» ይባል። ጋሼ ሰብሳቢ ሆነ። እኔ ጸሐፊ። የዕድሯ ሴት ቆጣጣሪ፤ ሆስፒታል ያለው ሰው ነገ ይጠየቃል። ሾፌሩ መኪና ስላለው ገንዘብ ያዥ። ኮረብታው በሙሉ ችግኝ እንዲለብስ ተወሰነ፤ ገበሬው በጠብታ መስኖ እንዲያጠጣ ተወሰነ፤ ዩኒቨርሲቲው በየወሩ ሪፖርት እንዲያቀርብልን ተወሰነ። ያን ማታ የተወሰነው ግማሹ ቢፈጸም ሐይቁ ድሬ ዳዋ ድረስ ይሞላ ነበር። ትንሹ ልጄ እጁን አውጥቶ ጥያቄ አለኝ ሲል ሰብሳቢው የመናገር ዕድል አልሰጠውም።

ለማኅተም ማስቀረጫ መዋጮ ተሰበሰበ። ገንዘብ ያዡ ብሩን ቆጥሮ ወጣ። ማኅተም ቀራጩ ዘግቶ አገኘው፤ ሰዓቱ ሰዓት ነው፤ ነገር ግን በዚያው መንገድ ማታ ትኩስ የገባ የአወዳይ ጫት ነበርና ባዶ እጁን አልተመለሰም። ስብሰባው ገና ብዙ አጀንዳ ስለሚቀረው ጋሼ ወጪውን አቅርቦ ድምፅ አስሰጠ። ጸደቀ። እማማ ብቻ ድምፅ አልሰጠችም፤ ድንች እየላጠች ነበር።